ትልቅ ቀፎ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ሚኒ ኩፐር ኤስህን ወደ ሰሚት ፖይንት ትራክ ይዘህ መውጣት ከጀመርክ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ወሬህ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ኢንተርኩለሩን በእጄ ባሻሽለውስ?» አሻሽለው፤ አልከለክልህም። የ2005 መኪና ነው፣ ዋስትናው ካበቃ ቆይቷል፣ ጋራዥ አለህ፣ እጅህም ሰነፍ አይደለም። በስልክ የምነግርህ ግን በአንድ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ በቁጥር አድርጌ ጻፍኩልህ። ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሰባተኛውን ከአራተኛው ካስቀደምክ ገንዘብህ ይባክናል፣ መኪናውም ያው ይሆናል።

1. መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይግባህ። ሞተርህ ላይ ያለው ኢተን ኤም45 የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር ነው። የሩትስ ወንድማማቾች ኢንዲያና ውስጥ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በ1860 ፓተንት ያወጡበት ማሽን ለመኪና የታሰበ አልነበረም፣ የቤንዚን መኪናም ገና አልተሠራም ነበር። ማሽኑ ስሙ የወጣው ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር እያቀበለ ነው። ጠባዩ ዛሬም የነፊ ጠባይ ነው፦ አየሩን ሆዱ ውስጥ አያምቀውም፤ እየዛቀ ያሻግረዋል፣ አየሩ የሚታመቀው ወጥቶ ከፊቱ ከተጠራቀመው ጋር ሲላተም ነው። ስለዚህ ከዘመናዊዎቹ መጭመቂያዎች ይልቅ ያሞቃል።

ቁጥሩን እንየው። የውጭው አየር 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን (አንተ በፋራናይት ታስባለህ፤ ዛሬ በእኔ ሚዛን እንነጋገር)፣ ሱፐርቻርጀሩም 0.8 ባር ይጨምርበት። ብክነት የሌለበት ማሽን ቢሆን እንኳ አየሩን በ55 ዲግሪ ገደማ ባሞቀው ነበር። የእኛው ብክነት ስላለበት ጭማሪው ወደ 100 ይጠጋል። እንግዲህ ይህን ሊያበርድ የተቀመጠው ኢንተርኩለር አፍ ላይ የሚደርሰው አየር 130 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠህ ሞተሩ ወደ 7000 ዙር ሲጠጋ ያ ትንሽ የኢንተርኩለር ቀፎ 10 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት እንዲያስወግድ ትጠይቀዋለህ፤ ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በአንዴ ሰክተህ ኮፈን ሥር እንዳስቀመጥክ ቁጠረው።

ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በየ3 ዲግሪው ሲቀዘቅዝ ክብደቱ በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጥቅም ነው፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። አየሩ ሲግል ቤንዚኑ ከካንዴላው ትእዛዝ ውጭ ይነድዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ታይሚንጉን ወደ ኋላ ይጎትታል። «በአምስተኛው ዙር ላይ መኪናው ደከመብኝ» የምትለኝ ይህንን ነው። መኪናው አልደከመም፤ እየተጠነቀቀልህ ነው።

2. ሳትለካ አትቁረጥ። ብዙ ልጆች ላሜራ መቁረጫ ይዘው ይጀምራሉ፣ ቴርሞሜትር የሚፈልጉት ሥራው ካለቀ በኋላ «ስንት አተረፍኩ?» ለማለት ነው። ያን ጊዜ የድሮውን ቁጥር ከየት ያመጡታል?

መሣሪያው ርካሽ ነው። ኦቢዲ መሰኪያው ላይ የሚገባና ወደ ስልክህ የሚያስተላልፍ አንባቢ ግዛ፤ የመግቢያ አየሩን ሙቀት መኪናው ራሱ ማኒፎልዱ ላይ ባለው ሴንሰር ያነባል፣ አንተ መዝግበው። እሱ ግን የሚነግርህ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። ከሱፐርቻርጀሩ መውጫ ላይ አንድ፣ ከቀፎው ፊት ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት በኩል አንድ፣ ከመኪናው ውጭ ጥላ ውስጥ አንድ ቴርሞካፕል ጨምር። የእናትህን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አትንካ፤ ባለፈው ዓመት ስለ ሚዛኗ የሰማሁት ይበቃኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወደ ቀፎው የገባው አየር 120፣ የወጣው 65፣ ከፊቱ ያለው ማቀዝቀዣ አየር 30 ይሁን። ቀፎው ቢሆንለት ኖሮ ሊያወርድ የሚችለው 90 ዲግሪ ነበር፤ 55 አወረደ። 61 በመቶ ማለት ነው። ይህን መቶኛ በወረቀት ጻፍ። የመግቢያ አየር ሙቀት ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ምክንያቱም የሚያዝያ ጠዋትና የሐምሌ ከሰዓት ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ሁልጊዜ ከውጭው አየር ስንት እንደሚበልጥ አስላ፤ ያውም አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በዋናው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ በሦስተኛውና በስምንተኛው ዙር። የሁለቱ ዙሮች ልዩነት ብረቱ ምን ያህል ሙቀት እየጠጣ እንደሄደ ይነግርሃል።

3. የግፊት መለኪያው አያታልልህ። ኤም45 የሚለው ስም በአንድ ዙር የሚዝቀውን የአየር መጠን ይናገራል፤ 45 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 0.74 ሊትር። የሚዝቀው ከታወቀ፣ ሞተሩ የሚውጠውም ከታወቀ፣ መሐል ላይ ያለው ግፊት በሙቀቱ ይወሰናል ማለት ነው። ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን አየር ከ70 ወደ 50 ዲግሪ ብታወርደው መለኪያው ከ0.8 ባር ወደ 0.7 ይወርዳል። ይህን አይቶ «አየር ያፈስሳል» ብሎ ቱቦ ሲያጠባብቅ የሚያድር ሰው አለ። አላፈሰሰም፤ ያው አየር ቀዝቅዞ ጠባብ ቦታ በቃው። እንዲያውም ሱፐርቻርጀሩ የሚገፋው ግፊት ስለቀነሰለት ከሞተሩ የሚሰርቀው ጉልበትም ይቀንሳል።

መቼም መኪና የሚወድ ወጣት ትልቅ የግፊት ቁጥር ሲያይ ደስ ይለዋል። አንተ ግን ሁለት ቦታ ለካ፦ ከቀፎው በፊትና ከቀፎው በኋላ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ባር እጅግ ካለፈ ቀፎው አየሩን እያነቀው ነው። ያን ጊዜ ብቻ ተጨነቅ።

4. አሁን ዋናው ጉዳይ፤ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ቁጥር ብቻ የምታነብ ከሆነ ይህችን አንብብ። ላለህ ቀፎ አየሩን አድርስለት።

ሚኒው ላይ ኢንተርኩለሩ የተኛው ሞተሩ አናት ላይ ነው፣ ከቴስታታው በላይ። አየር የሚያገኘው ኮፈኑ ላይ ካለው አፍ ነው። በዚያ አፍና በቀፎው መካከል ያለው ስፖንጅ ደርቆ፣ ተሰባብሮ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቶ ታገኘዋለህ፤ 20 ዓመት የሞላው መኪና ነዋ። አየር ደግሞ ሰነፍ ነው፤ በቀፎው ቅጠሎች መካከል ከመሽሎክሎክ ይልቅ በጎን ባለው ክፍተት ማለፍ ይመርጣል። የገባው አየር በጎን ያመልጣል፣ መኪናው ሲቆም ወይም ሲዘገይ ደግሞ ከታች የሞተሩ ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣና ቀፎውን ያበስለዋል።

ቀደም ብለን ያሰላነውን አስታውስ። ቀፎው ፊት የደረሰው አየር 30 ሳይሆን ከሞተሩ ክፍል ጋር ተቀላቅሎ 45 ቢሆን፣ ያው 61 በመቶ የሚሠራው ቀፎ የሚያወጣው 65 ሳይሆን 74 ዲግሪ ነው። ዘጠኝ ዲግሪ በስፖንጅ ምክንያት ጠፋ። ገበያ ላይ ያለው ውድ ቀፎ ዘጠኝ ዲግሪ ከሰጠህ ተመስገን ነው። ያንተ ጓደኞች ውዱን ገዝተው በተሰባበረው ስፖንጅ ሥር ይገጥሙታል፤ ከዚያ «ምንም ለውጥ የለውም» ይላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮፈኑ ሲዘጋ የት እንደሚነካ ለማወቅ በቀፎው ዙሪያ ጭቃ መሳይ ሸክላ ወይም የልጆች ፕላስቲሲን ደርድር፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ የተጨፈለቀውን ውፍረት ለካ። ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጠህ ከቀፎው ጠርዝ ወደ ላይ የሚቆም ግድግዳ ሥራ፤ ጫፉን አጥፈው፣ እጅህንም ቱቦውንም እንዳይቆርጥ። በግድግዳው አናት ላይ ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳው ዝግ የሆነ ስፖንጅ ለጥፍ፤ የወንበር ስፖንጅ አይሆንም፣ አየር ያሳልፋል፣ ውሃም ይጠጣል። ስፖንጁ ኮፈኑ ሲዘጋ ከውፍረቱ ሲሶ ያህል ቢጨመቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮፈኑን ያጎብጠዋል። የአሉሚኒየም ፕላስተር ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ለዘለቄታው ግን ሪቬት አድርግበት።

ይህን ከሠራህ በኋላ መፈተኛ ልስጥህ፤ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። ሁለት ሜትር ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ እንጨት ላይ እሰር፣ ቀለም የገባበት ውሃ ግማሽ ድረስ ሙላ። አንዱን ጫፍ በቀጭን ቱቦ ከቀፎው በላይ፣ ሌላውን ከቀፎው በታች አድርስ፤ ቱቦዎቹን በኮፈኑ ጠርዝ አሳልፈህ በመስኮት አስገባቸው። በአውራ ጎዳና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ፣ የሚመጣው አየር ሙሉ ግፊቱን ቢሰጥ፣ የውሃው ከፍታ ልዩነት 47 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ160 ደግሞ 120 ያህል፤ እሱን ግን መንገድ ላይ እንዳትሞክር። አንተ ንዳ፣ ጓደኛህ ያንብብ። ከማሸጉ በፊት 10 ሚሊ ሜትር፣ ካሸግክ በኋላ 25 ካነበብክ ያለ አንዳች ውድ ዕቃ ሥራ ሠርተሃል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ችግሩ መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው።

የአጎትህ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በመርሴዲስ ኮምፕረሰሩ ይህንኑ ሊሞክር እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ። ንገረው፤ እዚያ ከ2300 ሜትር በላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀልላል፣ ስለዚህ የሚያነበው የውሃ ከፍታም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ደግሞ የእሱ መኪና ኢንተርኩለር ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው፤ ልክህን እንዳለ አይቅዳ።

5. መውጫ የሌለው አየር አይገባም። ከቀፎው ሥር ያለው ክፍል ግፊት ካለበት ከላይ የፈለግኸውን ያህል ብታሽግ አየሩ አይወርድም። በራዲያተሩ በኩል የገባው አየር የሚወጣበት አጥቶ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሲታጎር ይህ ይደርሳል። ከሥር ያሉት የፕላስቲክ መሸፈኛዎች በትክክል መታሰራቸውን እይ፤ ሰዎች ዘይት ሲቀይሩ አውልቀው ይጥሏቸዋል፣ እነሱ ግን አየሩን ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚመሩ ናቸው። ኮፈኑን ከኋላ በኩል በሮንዴላ ከፍ ማድረግ የሚባል ፈሊጥ አለ። አልወደውም፤ መስታወቱ ሥር ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አየሩ ከመውጣት ይልቅ ይገባል።

6. ውሃ መርጨት። ይህ የድሃ ሰው መላ አይደለም፤ ሱባሩ በ2004 አሜሪካ ያስገባው ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ ከፋብሪካ የኢንተርኩለር ውሃ መርጫ ከነቁልፉ ነበረው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ውሃን ማሞቅ ብዙ ሙቀት አይወስድም፣ ማትነን ግን ይወስዳል። አንድ ሊትር ውሃ ቅጠሎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተንን ወደ 2400 ኪሎጁል ይዞ ይሄዳል፤ ለዚያ 10 ኪሎዋት የአራት ደቂቃ ሥራ ነው። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይተንም። ብዙው በነፋስ ይወሰዳል ወይም ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ምንም አልሠራም። ስለዚህ ጉም የሚመስል ጠብታ የሚያወጣ ነዝል ፈልግ፣ የመስታወት ማጠቢያው ነዝል ጅረት ነው የሚያወጣው። በሁለት ሦስት ሰከንድ ምት ርጭ፣ ቀጥታው መንገድ ከመጀመሩ በፊት።

ሐምሌ ላይ አየሩ እርጥብ ነው፣ ውሃ አይተንም የሚሉህ ግማሽ እውነት ነው። አየሩን አስቀድሞ የማቀዝቀዝ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ የቀፎው ገጽ ግን ከአየሩ እጅግ ስለሚሞቅ እዚያ ላይ ያረፈው ጠብታ መትነኑ አይቀርም። የተጣራ ውሃ ተጠቀም። የቧንቧ ውሃ ኖራውን ቅጠሎቹ ላይ ይተዋል፣ በአንድ በጋ ቀፎውን ያለብሰዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የዝግጅቱን ደንብ ጠይቅ። ትራኩ ላይ ውሃ የሚያፈስስ መኪና የማይፈቅዱ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ከኋላህ ፍሬን የሚይዘው ሰው ያንተን ሙቀት ለማብረድ ጎማው መራስ የለበትም። የውሃ ማጠራቀሚያውን በብረት ማሰሪያና በብሎን እሰር፤ በላስቲክ ገመድ የታሰረ ዕቃ ፍተሻው ላይ ይመልስሃል።

7. ከዚህ ሁሉ በኋላ መቶኛው አሁንም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ትልቅ ቀፎ። ፋብሪካው ራሱ በ2006 ጆን ኩፐር ወርክስ ጂፒ የሚባለውን 2000 መኪና ሲያወጣ ኢንተርኩለሩን አሳድጎታል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ትክክል ነው። ቦታውን ሳይለቅ የሰፋ ቀፎ ይሻልሃል። ሁለት ዓይነት ታገኛለህ። በወፍራም ዘንግና በሰሌዳ የተሠራው ከባድ ነው፣ ሙቀት ለመጠጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ከጠጣ ግን ለመመለስም ይዘገያል። በቀጭን ቱቦና በቅጠል የተሠራው ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። ለሃያ ደቂቃ የትራክ ተራ፣ አየር በደንብ የሚደርሰው ከሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ወደ ፊት ለፊት ማውጣት፣ ከራዲያተሩ በፊት፣ የሚለው ነገር ፎቶ ላይ ያምራል። አንድ ደንበኛ ሌላ ሱቅ እንዲህ ሠርቶለት ወደ እኔ መጣ፤ የመግቢያ አየሩ ቀዝቅዞለት ነበር፣ የሞተሩ ውሃ ግን መፍላት ጀመረ፣ ምክንያቱም ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር አስቀድሞ በኢንተርኩለሩ ሞቆ ነው። በዚያ ላይ ያንተ መኪና የአየር መክፈቻ ቢራቢሮ ያለው ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ረጅም ቱቦ ሁሉ እግርህን ባነሳህና በረገጥክ ቁጥር መሙላትና መጉደል ያለበት ባዶ ቦታ ነው። መኪናው ይለግማል።

8. በውሃ የሚቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ልሥራ ካልክ ሥራው ሦስት እጥፍ መሆኑን እወቅ፦ ቀፎ፣ ፓምፕ፣ ከፊት የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ራዲያተር፣ ማጠራቀሚያ፣ ሪሌ፣ ፊውዝ፣ የቱቦ ፋሼታ በየቦታው። ጥቅሙ ውሃው የሙቀቱን ጫፍ ዋጥ አድርጎ በመታጠፊያዎቹ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚለቀው ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከፊት ያለው ራዲያተር ካነሰ ውሃው ዙር በዙር እየሞቀ ይሄዳል፣ ከዚያም ከአየሩ ኢንተርኩለር የባሰ ይሆናል።

ሰዎች ገንዘባቸውን ፓምፕ ላይ ያፈስሳሉ። በደቂቃ 20 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ካለህ 10 ኪሎዋት ውሃውን የሚያሞቀው በ7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፓምፑን በእጥፍ ብታሳድገው የምታተርፈው ሦስት ዲግሪ ተኩል ነው። ገንዘቡን ራዲያተሩ ላይ አውለው። ማጠራቀሚያው የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይሁን፣ አየር ራሱ ወጥቶ እንዲያልቅ። ውሃው የተጣራ ሆኖ የዝገት መከላከያ ይጨመርበት። በክረምት እንዳይቀዘቅዝ ፀረ በረዶ ብትጨምር መጋቢት ላይ አፍስሰው፤ ግላይኮል አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ከውሃ የባሰ ያንሸራትታል፣ ብዙ የሞተር ብስክሌት ውድድር ደንቦችም ስለዚሁ ይከለክሉታል።

በረዶስ? ትለኛለህ፣ አውቅሃለሁ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። አምስት ኪሎ ብትጨምር በሙሉ ጉልበት ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ግማሹን ጊዜ ብቻ ብትረግጥ እንኳ ስድስት ደቂቃ አይደርስም። ሩብ ማይል በቀጥታ ለሚሮጡት፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ለሚበቃቸው፣ ግሩም ነገር ነው። ለአንተ በቀሪው ጊዜ የቀለጠ ውሃ ተሸክሞ መዞር ነው።

9. ብየዳው። አሉሚኒየም በአርጎን ማስበየድ ካለብህ ወደ በያጅ ውሰደው፤ አንተ ልካቸውን ጨርስ፣ በብሎን አስረህ ስጠው። አሮጌ ቀፎ ከመኪና መቃብር ካመጣህ ውስጡ ዘይት አለው። በዚህ ጊዜ የሚሠራ አንድ ገዳይ ስሕተት አለ፦ ዘይቱን ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥቦ ወዲያው መበየድ። የዚያ ፈሳሽ ትነት የብየዳ ቅስት ሲያገኘው ፎስጂን ይሆናል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የጨረሰው ጋዝ ነው። ጣሳው ላይ ክሎሪን የሌለበት መሆኑን አንብብ፣ ይልቁንም አሴቶን ተጠቀም፣ በደንብ አድርቅ፣ በያጁንም በምን እንዳጠብከው ንገረው።

ከተበየደ በኋላ ውስጡን በሳሙና ውሃ ደጋግመህ እጠብ፣ አየር ንፋበት። ከዚህ ቀፎ በኋላ ማጣሪያ የለም፤ የቀረች ብናኝ ብረት በቀጥታ ሲሊንደር ትገባለች። ከዚያ በግፊት ፈትሽ፣ ሳሙና ቀብተህ አረፋ ፈልግ። ከ1 ባር አትለፍ። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የቱቦ አፍ ላይ 1 ባር ማለት ከ28 ኪሎ በላይ የሚገፋ ኃይል ነው፤ መድፈኛው ቢፈናጠር ፊትህ እዚያ አቅጣጫ መሆን የለበትም። መነጽር አድርግ።

ሁለቱ የጎማ መጋጠሚያዎች፣ እነዚያ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉት፣ ካረጁ ቀይራቸው። አብዛኛው «የሱፐርቻርጀር ችግር» ተብሎ የመጣልኝ መኪና ችግሩ እዚያ ነበር።

10. ፑሊ። አሁን አይደለም። ፑሊውን በ15 በመቶ ማሳነስ ሱፐርቻርጀሩን ከ17 በመቶ በላይ ያፈጥነዋል፣ ሙቀቱም ከጉልበቱ ቀድሞ ይመጣል። ሙቀቱን ማስወገድ እንደቻልክ በመዝገብህ ካሳየኸኝ በኋላ እንነጋገራለን። ሜታኖል መርጨትም እንደዚሁ፤ እሳቱ በቀን ብርሃን የማይታይ ነዳጅ ሞተር ክፍል ውስጥ ማስገባት የምትጀምርበት ዕድሜ ላይ አይደለህም።

11. ሱፐርቻርጀሩ ራሱ ዘይት አለው፤ ብዙ ባለቤቶች ከፋብሪካ ከወጣ ነክተውት አያውቁም። በተጨማሪም በዚህ ሞተር ላይ ከሱፐርቻርጀሩ ኋላ የተገጠመውን የውሃ ፓምፕ የሚያዞረው ይኸው ሱፐርቻርጀር ነው። ፓምፑን የሚያዞረው ጥርስ ካለቀ ውሃው ይቆማል። ኢንተርኩለር ለማሻሻል ሁሉን ስታወልቅ እግረ መንገድህን እሱንም ክፈተው፤ ሁለተኛ ለማውለቅ ቅዳሜህን አታጥፋ።

12. ትራኩ ላይ። የመጀመሪያውን ተራ ያለ ምንም ርጭት ንዳ፣ ሁለተኛውን ከርጭቱ ጋር። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትቀይር። የመግቢያ አየሩ ከውጭው አየር በላይ በእያንዳንዱ ዙር እየጨመረ ከሄደና ካልተረጋጋ ሁለት ዙር ቀለል አድርገህ ሂድ፤ እንደዚህ ባለ ጊዜ መርገጥ ፍጥነት አይጨምርልህም፣ ታይሚንጉ ተጎትቶ ነው ያለው። ተራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ዙር በዝቅተኛ የሞተር ዙር ንዳ። ስትቆም ኮፈኑን ወዲያው ክፈት፣ የእጅ ፍሬን አትሳብ፣ የጋለው ፍሬን ይያዝብሃል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ሞተሩ ሳይበርድ የፋሼታዎቹን አቀማመጥ በዓይንህ እይ፣ ሲበርድ ደግሞ በእጅህ ሞክራቸው።

ከዚያ የመዘገብከውን ፋይል ላክልኝ። አናቱ ላይ የውጭውን ሙቀትና ሰዓቱን ጻፍ፤ ያለ እሱ የላክኸው ምንም አይጠቅመኝም፣ መልሼ ነው የምልክልህ።